ከአዘዞ ፒያሳ፦ ሁለት ልጅ በአንድ ሳይክል

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከጎንደር ዳር፣ ከአዘዞ እንነሳለን። ፊት እኔ፣ ከጀርባዬ የሰባት ዓመቷ ልጄ፣ ከእሷ ኋላ የአራት ዓመቱ ወንድሟ። ሦስታችንም አንድ ሳይክል ላይ ነን። ማራኪን አልፈን መሃል ከተማ ፒያሳ ስንደርስ 1 ሰዓት ከ45 ይሆናል። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ከትምህርት በኋላ እህቴ ቤት ይቆዩኛል። ማታ 11 ሰዓት ላይ ወስጃቸው በመጣንበት መንገድ እንመለሳለን። አንዱ ጉዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 24። እንዲህ ስንመላለስ ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል።

መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዳገቱን እንዴት ትችይዋለሽ?»

ዳገቱ ላብ ብቻ ነው። ሲደክምሽ ትወርጂያለሽ፣ ትገፊያለሽ፣ ውሃ ትጠጫለሽ። ዳገት ላይ የተጎዳ ልጅ አላየሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ማታ ነው፤ ሁለት ልጅ ጭኖ ቁልቁል መውረድ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ሳይክል ስትመርጡም፣ ስታስበይዱም፣ ስትጭኑም አስቀድማችሁ «ይሄ ነገር እንዴት ይቆማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሄዳል ወይ የሚለው በኋላ ይደርሳል።

የምን ዓይነት ሳይክል?

ልጅና ዕቃ የሚጭኑ ሳይክሎችን በስልክ ፎቶ ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ከፊት ትልቅ ሳጥን ባላቸው ላይ ነው። የዴንማርክና የኔዘርላንድ ሰዎች ልጆቻቸውን በእነሱ ያመላልሳሉ። ያምራሉ። እኔም መጀመሪያ የፈለግኩት እሱን ነበር። ግን አገሩን አስቡት። የዴንማርክ ከፍተኛው የተፈጥሮ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 171 ሜትር ገደማ ነው። በቃ፣ አገሩ በሙሉ ከዚያ አይበልጥም። የእኛ ኤርፖርት ያለበት የአዘዞ ሜዳ 1966 ሜትር ላይ ነው፤ ጎንደር ከተማ ደግሞ 2133 ሜትር ይባላል። ልዩነቱን አስሉት፤ የዴንማርክን ትልቁን ኮረብታ ያህል ነው። እኔ ያንን ጠዋት ጠዋት እወጣዋለሁ፣ ማታ ማታ እወርደዋለሁ። ለሜዳ አገር የተሠራ ከባድ ሳጥን ለእኛ አይሆንም።

ለእኛ የሚሆነው ኋላው የረዘመ ሳይክል ነው። ፈረንጆቹ ሎንግቴይል ይሉታል፤ ረጅም ጅራት ማለት ነው። ከፊቱ ተራ ሳይክል ነው። የኋላ ጎማው ግን ወደ ኋላ ይርቃል፤ በመሃል ሁለት ልጅ የሚያስቀምጥ ቦታ ይፈጠራል። ሚዛኑ ተራ ሳይክል ለሚነዳ ሰው ቶሎ ይለመዳል። ጠባብ ስለሆነም በባጃጆች መሃል ያልፋል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ጎንደር ውስጥ አላገኘሁም። ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ከባሕር ዳር ገዝቼ በአውቶቡስ አስመጣሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ ሳይክል የለመደ ከተማ ነው፣ ምርጫም አለ። ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ አካሉ ብረት ይሁን። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ግን ተራ በያጅ አይበይደውም፤ ቢበይደውም አላምነውም። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከያዘ ብረት ነው። ሁለተኛ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ፣ የሴት የሚባለው ይሁን፤ ወንድም ብትሆኑ። ልጆች ከኋላ ከተቀመጡ በኋላ እግር አዙሮ መውጣት አይቻልም፤ የልጅ ፊት ትመታላችሁ። በፊት በኩል ነው ተሻግሮ መቀመጥ። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ጎማ ላይ የዲስክ ፍሬን ይኑረው፤ ጎማው መሃል ያለውን የብረት ሳህን ጨብጦ የሚያቆመው ማለት ነው። የፍሬኑን ነገር እመለስበታለሁ።

ብየዳው

በያጁ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩ። ሳይክሉንና ከስልኬ ላይ የገለበጥኩትን ሥዕል ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እታለም፣ ይህ ሳይክል ነው ወይስ ጋሪ?»

«ልጆቼን የምጭንበት ነው ጋሼ።»

«ልጅ?» አሉና ሥዕሉን ከእጄ ወሰዱት። «እንግዲያስ በዚህ ቀጭን ቱቦ አይሆንም።» ከጥግ ወፍራም ቱቦላሬ አወጡና በጣታቸው አንኳኩት። ድምፁን ሰሙ። ሌላ አወጡ፣ እሱንም አንኳኩ። ሦስተኛውን መረጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እምነቴን ጣልኩባቸው። እናንተም እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ። የምትጭኑት ልጅ መሆኑን መጀመሪያ ንገሩት።

የኋላውን 35 ሳንቲ ሜትር አስረዘምነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ግን ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት የኋላውን ጎማ በመቀየር ነው። ሳይክሉ ባለ 26 ኢንች ጎማ ነበር። ከፊት 26ቱን ትቼ ከኋላ 20 አስገባሁ፤ የልጆች ሳይክል ላይ ያለውን መጠን። ጎማው ሲያንስ የልጆቹ መቀመጫ ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለ ጭነት አያወዛውዝም። ትንሽ ቸርኬ ሽቦዎቹም አጫጭር ስለሆኑ ክብደትን በደንብ ይሸከማል። የእኔ 36 ሽቦ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ለዚህ ሥራ አልመክርም። ሌላም አለ። ፔዳሉን አንዴ ስታዞሩት ትንሹ ጎማ የሚሄደው ርቀት ከትልቁ በአንድ አራተኛ ግድም ያንሳል። ስለዚህ ዳገቱ በዚያው ልክ ይቀላል። በሜዳ ላይ ፍጥነት ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ሁለት ልጅ ጭኖ ፍጥነት የሚፈልግ ግን የለም።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ወዲያው ቀለም አታስቀቡ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በጭነት ንዱት። ከዚያ እያንዳንዱን የተበየደ ቦታ በጨርቅ ጠርጋችሁ በቀን ብርሃን እዩ። ስንጥቅ መጀመሪያ የምትታየው እንደ ቀጭን ፀጉር ሆና ነው። ቀለም ይሸፍናታል። የእኔ አንዱ ማዕዘን ላይ እንዲህ ያለች ፀጉር ወጣች። ጋሼ ፈጭተው አንስተው እንደገና በየዱልኝ፤ በላዩም ላሜራ ቆርጠው ደገፉት። ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

መጀመሪያ ድንች ጫኑ

ልጅ ከመጫኔ በፊት ሁለት ሳምንት ድንች ጫንኩ። ሃያ ኪሎውን በአንድ ከረጢት፣ አሥራ አምስቱን በሌላ፤ ልጆቹ በሚቀመጡበት ቦታ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። የአዘዞ ልጆች «ድንች ሻጯ» አሉኝ። ምንም አይደለም። ያ ድንች ሁለት ጊዜ ወድቋል፣ ሁለቱም ጊዜ ሳይክሉ ቆሞ ነው። ይህን ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ሳይክል ሲሄድ ብዙም አይወድቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ሲቆምና ሊነሳ ሲል ነው።

ስለዚህ ማቆሚያው ትልቅ ነገር ነው። በአንድ እግር ዘንበል ብሎ የሚቆመው ዋጋ የለውም። ባለ ሁለት እግር፣ ከመቀመጫው ይልቅ ሰፋ ያለ፣ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም አሠሩ። ከዚያ የተጣለ ከመነዳሪ እንደ ቀለበት ቆርጣችሁ መሪው ላይ አንጠልጥሉ። ስታቆሙ የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ቀለበቱን እጀታው ላይ ትጠመጥማላችሁ። ፍሬኑ እንደተጨበጠ ይቀራል፤ ሳይክሉ አይንሸራተትም። የእጅ ፍሬን ማለት ነው። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ቁራጩን በነፃ ይሰጣችኋል።

የመጫን ቅደም ተከተላችን አይለወጥም። ማቆሚያ ይወርዳል። ፍሬን ይታሰራል። ትልቋ ትወጣለች። ከዚያ ትንሹ ይወጣና ቀበቶው ይታሰርለታል። ስንደርስ ትንሹ መጀመሪያ ይወርዳል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ትልቋ ሳይክሉ ቢያዘነብል ዘላ መውረድ ትችላለች። ቀበቶ የታሰረ ልጅ ግን ከሳይክሉ ጋር ነው የሚወድቀው። ስለዚህ እሱ ታስሮ ሳለ እጄ ከሳይክሉ ላይ አይነሳም። ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ዳቦ ልግዛ ብዬ ትቼው አልሄድም።

ማን የት ይቀመጥ?

ትንሹ ደገፊያና ባለ አምስት ነጥብ ቀበቶ (ሁለቱን ትከሻ፣ ወገቡን በሁለት ጎንና በእግሮቹ መሃል የሚይዝ) ባለው የልጅ መቀመጫ ላይ ነው፣ በስተኋላ። መንገድ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ደገፊያው አንገቱን ይይዝለታል። ትልቋ በእኔና በእሱ መሃል ናት። ፊቷ እጀታ አላት፣ ሁለት እጇን እዚያ ላይ ታደርጋለች። ከባዷ ወደ መሃል፣ ቀላሉ ወደ ኋላ መሆኑም ለሚዛን ጥሩ ነው። የከበደው ልጅ ጫፍ ላይ ከተቀመጠ የፊት ጎማው ይቀላል፣ ዳገት ላይ መሪው ይዋልላል።

የልጅ መቀመጫ ስትገዙ ክብደቱን ተመልከቱ። በአውሮፓ መስፈርት የሚሠሩት የኋላ መቀመጫዎች እስከ 22 ኪሎ ድረስ ናቸው። ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ራሱን ችሎ ይዞ መቀመጥ አለበት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ሳይክል ላይ አይወጣም። አንገቱ ሄልሜት አይችልም፣ መንቀጥቀጡንም አይችልም። በእኛ ኮብልስቶን ሁለት ዓመት እስኪሞላው ብትታገሡ እመርጣለሁ። አዝላችሁ አትንዱ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ልጅ ማዘል ባህላችን ነው፣ እኔም ሁለቱንም አዝዬ አሳድጌአለሁ። ሳይክል ላይ ግን እናት ስትወድቅ የታዘለው ልጅ ከሥር ነው የሚሆነው።

ስለ ሄልሜት አንድ የእኛ አገር ነገር አለ። ልጄ ሹሩባ ስትሠራ ሄልሜቱ ወደ ላይ ተነስቶ ይቀመጣል። ግንባሯ ይጋለጣል። አሁን ለሠሪዋ «ወደ ኋላ የተጋደመ፣ ማጅራቷ ላይ የሚያልቅ» እላታለሁ፤ ጉብ ያለ ነገር አናት ላይ እንዳይኖር። ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ሲቀር ነው ልክ የሚሆነው።

እግርና ነጠላ

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጄ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷ ታፍኖ ነው የወጣው። ወዲያው ቆምኩ። የነጠላዋ ጥለት የኋላ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሽቦው ላይ ተጠምጥሟል። ሌላው ጫፍ አንገቷ ላይ ነው። ወደ ታች ጎትቷት ጎንበስ ብላለች። ቀስ ብለን እየሄድን ስለነበር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አልሞላም። ፈትቼ ለማውጣት ስሞክር እጄ እምቢ አለኝ። ነጠላውን በጥርሴ ቀደድኩት።

በማግስቱ ጋሼ ጋ ሄድኩ። የኋላውን ጎማ በሁለቱም ጎን ከመቀመጫው እስከ እግር መርገጫው ድረስ ሸፈንነው። ከላይ ቀጭን ላሜራ፣ ከታች ወፍራም ሸራ። ለልጆቹ እግር ሰፊ መርገጫ፣ ከዳር ከዳሩ ከፍ ያለ። የልጅ እግር ሽቦ ውስጥ ገብቶ መቆረጥና መሰበር በሳይክል የሚጫኑ ልጆችን አዘውትሮ የሚያገኝ አደጋ ነው። ልጅ ሲደብረው እግሩን ያወዛውዛል፤ ደግሞም እንቅልፍ ሲወስደው እግሩ ይላላል። በምክር የሚሆን ነገር አይደለም፤ ጎማው መሸፈን አለበት። ይህ ሽፋን ሳይኖር አንድም ቀን አትጫኑ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የጋቢ ጫፍ፣ የቦርሳ ማንጠልጠያ፣ የጫማ ማሰሪያ፤ የሚንጠለጠል ሁሉ ከመነሳት በፊት ይታሰራል።

ፍሬን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ።

እኔ 58 ኪሎ ነኝ። ሳይክሉ 27። ትልቋ 21፣ ትንሹ 15፣ ቦርሳና ምሳ ዕቃ 6። ስደምረው 127 ኪሎ። ይህ ቁልቁል ሲወርድ ፍጥነቱ በእጥፍ ከጨመረ፣ ለማቆም ፍሬኑ የሚበላው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ በአራት ሜትር የምትቆሙ ከሆነ፣ በ30 አሥራ ስድስት ሜትር ትፈልጋላችሁ። ድንገት መንገድ የገባ በግ አሥራ ስድስት ሜትር አይሰጣችሁም። ስለዚህ ማታ ስወርድ ከ20 አላልፍም። ባጃጅ ይቀድመኛል፣ ሌላ ሳይክል ይቀድመኛል፣ ይቅደሙ።

ጎማውን ከዳር ከዳር የሚይዘው የላስቲክ ፍሬን ለባዶ ሳይክል ይበቃል። ዝናብ ላይ ግን ቸርኬው ሲረጥብ መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ቆይቶ ነው የሚይዘው። ዲስክ ይሻላል። ዲስክም ግን ይግላል። አንድ ቀን አዘዞ እንደደረስኩ ከውሃ መያዣዬ አንድ ጠብታ ዲስኩ ላይ ጣልኩበት። ጭስስ አለ፤ ጠብታዋ ጠፋች። ልጆቼ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ዲስኩ እጃቸውን አያስጠጉም። የጋለ ፍሬን መያዝ ይቀንሳል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ለስለስ አድርጋችሁ እንደጨበጣችሁ አትውረዱ። ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅና ማቀዝቀዝ፣ እንደገና መያዝ። ሁለቱንም ፍሬን ነው የምጠቀመው። ተራ ሳይክል ላይ የፊቱ ነው ሥራውን የሚሠራው፤ ኋላው የተጫነ ረጅም ሳይክል ላይ ግን የኋላውም ብዙ ያግዛል። እና መሃል መንገድ ላይ ቆሜ አስር ደቂቃ አርፋለሁ። ልጆቹ ቆሎ ይበላሉ፣ ዲስኩ ይበርዳል።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የሆነውን ልጻፍ። አንድ ማታ ሳይክሉን ስጠርግ የፊት ፍሬኑ እጀታ ሥር ጣቴን የሆነ ነገር ወጋኝ። የፍሬኑ ገመድ አንድ ክር ተበጥሶ ወጥቷል። ገመዱ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ነው የተገመደው፤ የተበጠሰው አንዱ ነው። ነገ አስቀይረዋለሁ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ማታ ከማራኪ ትንሽ ወረድ እንዳልን ፍየሎች መንገድ ገቡ። ጨበጥኩ። ጧ አለ። እጀታው ባዶውን መሪው ላይ ተለጠፈ።

የኋላው ፍሬን ብቻ ቀረኝ። ፍጥነታችን ትንሽ ስለነበር ያዘልኝ። ወደ ጠጠሩ ዳር ወሰድኩት፣ አንድ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄደን ቆምን። ፍየሎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ተሻገሩ። ልጆቹን አወረድኩ። የቀረውን መንገድ ሳይክሉን እየገፋን በእግር ሄድን። ትንሹን ብቻ እየቆየሁ አቅፈው ነበር። ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስትሄድ ቆየችና «እማዬ፣ ፈርተሽ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ፈርቼ ነው አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው። እሑድ ከሰዓት ሳይክሉ ይፈተሻል። የፍሬን ገመዶቹን ከእጀታው ሥር ሳብ አድርጌ በጣቴ እዳብሳለሁ። አንድ ክር ከተነሳ ገመዱ ያን ቀን ይቀየራል፣ ሱቅ ዝግ ከሆነ ሰኞ በታክሲ እንሄዳለን። ሁለት ትርፍ ገመድ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ አለ። እጀታውን ሙሉ ኃይሌን ጨብጬ በእሱና በመሪው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ካልገባ ገመዱ ይወጠራል። የፍሬኑን ሸራ ውፍረት አያለሁ። የኋላ ጎማውን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ እያደረግኩ እጨብጣለሁ፣ የላላ ካለ ይታወቃል። የመቀመጫውን ብሎንና ዳዶ በቁልፍ እነካለሁ፤ መንቀጥቀጥ ዳዶ ይፈታል። ትልቋ ልጄ ቁልፍ ታቀብለኛለች። የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ብሎን እንደሆነ አሁን ከእኔ በላይ ታውቃለች።

መንገዱ

አዘዞ ላይ የመተማው መንገድ ይገነጠላል፣ ከባሕር ዳር የሚመጣውም በዚያው ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከባድ መኪና አለ። ከባድ መኪና ሲቀድማችሁ መጀመሪያ ይገፋችኋል፣ ካለፈ በኋላ ወደ ራሱ ይስባችኋል። ድምፁን ስትሰሙ መሪውን ጠበቅ አድርጉ፣ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። አስፋልቱ ጫፍ ላይ አትለጠፉ። ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ገባ በሉ፤ ያኔ ሹፌሩ እንደ ተሽከርካሪ ያያችኋል፣ ጉድጓድ ቢመጣም የምትሸሹበት አላችሁ። እኔ ከኋላ ረጅም ሸንበቆ ላይ ቢጫ ጨርቅ አስሬአለሁ። ባጃጆቹ አሁን ያውቁናል፣ ጥሩምባ ሲነፉ ለሰላምታ ነው።

ዳገቱን በትንሹ ማርሽ ነው የምወጣው። ከፊት ባለ 22 ጥርስ፣ ከኋላ ባለ 34። እግር ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ሳይክሉ ቀስ ይላል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በከባድ ማርሽ የሚገፋ ሰው ነው። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ። መሃል ላይ ተጭናችሁ ሳላችሁ ብትቀይሩ ሰንሰለቱ ይዘላል፣ ያኔ ነው ሚዛን የሚጠፋው።

ጎማውን ሁልጊዜ በእጅ ፖምፓ ነው የምነፋው። ጎሚስታ ጋ ያለው የመኪና መንፊያ ኃይሉ ብዙ ነው፣ ትንሹን ከመነዳሪ በቅጽበት ያፈነዳዋል። የሚችለው ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ከኋላ ወደ ትልቁ ቁጥር ጠጋ አድርጉት፣ ከፊት ትንሽ ይቀንስ። ትርፍ ከመነዳሪ በሁለቱም መጠን ይያዝ።

ብርድ የሚመታው ልጆቹን ነው፣ እኔን አይደለም። እኔ እየገፋሁ ያልበኛል፤ እነሱ ሳይነቃነቁ ነፋስ ይመታቸዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ከአዘዞ ስንነሳ ጓንትና ካልሲ ድርብ ነው። ጋቢውን እንደ ሰደርያ አጥፌ ከጃኬት ሥር አለብሳቸዋለሁ፣ ጫፉ እንዳይወጣ። በራሴ ሙቀት እነሱን መገመት ስለማልችል በየጊዜው እጄን ወደ ኋላ ልኬ የትልቋን ጉልበት እነካለሁ።

ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፤ ያ ይረዳናል። ሰኔና መስከረም ግን ከሰዓት ዝናቡ ይመጣል። ሰማዩ ከጠቆረ አልነሳም። እህቴ ቤት ሻይ እንጠጣለን፣ ካባራ እንወርዳለን፣ ካላባራ ሳይክሉ እዚያ ያድራል፣ እኛ በታክሲ። በጨለማም አልወርድም። መብራት አለኝ፣ ግን መብራቱ እኔን ያሳያል እንጂ ጉድጓዱን በደንብ አያሳየኝም። ጥር 10 እና 11 ጭራሽ አላወጣውም፤ ለጥምቀት ከተማው በሰው ይሞላል፣ እኛም በእግራችን ነው የምንሄደው።

ትልቋ በመጪው መስከረም 22 ኪሎዋን ታልፋለች። እሷ ቀበቶ ላይ ስላልሆነች መቀመጫው አይከለክላትም፣ የእኔ እጅ ግን ማታ ማታ ልዩነቱን ማወቅ ጀምሯል፤ ፍሬኑ ላይ የምጨብጠው ጨምሯል። ጋሼ ጋ አንዲት ባለ 20 የልጅ ሳይክል ተደግፋ አየሁ፣ ፓራፋንጎዋ የተጣመመ። አስተካክሏት ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዘዞ ሜዳው ላይ እያስለመድኳት ነው። መጀመሪያ ያስተማርኳት ማቆም ነው።